የቀስተኛው ትከሻ

በፓሮ ሸለቆ የታችኛው መንደር ሰዎች ስለ ሁለት ነገር ሲያወሩ አንገታቸው ቀና ይላል፤ ስለ ቀይ ሩዛቸውና ስለ ሰልደን ምላስ።

ሩዙ የሁሉም ነው። ምላሱ ግን የአንዲት ቀጭን፣ ጉንጮቿ በተራራ ብርድ የቀሉ ልጅ ነው። በሎሳር፣ አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ የታችኛውና የላይኛው መንደር ወንዶች በቀስት ይገጥማሉ። ሴቶቹ ደግሞ በግጥም። የባላጋራ ቀስተኛ ገመዱን ስቦ ሲያነጣጥር ሴቶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው እየጨፈሩ ይሰድቡታል፤ አፍንጫውን፣ በሬውን፣ አረማመዱን፣ ያላገባ እንደሆነም ለምን እንዳላገባ። መቆጣት ነውር ነው። በስድብ ተደናግጦ ዒላማ መሳት ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት ያስወራል።

ሰልደን ሪንዚንን ያወቀችው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። የላይኛው መንደር ቀስተኞች አለቃ የአፕ ከንቾ ታናሽ ልጅ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት። ያን ዕለት ቀስቱን ሲያነሳ የታችኛው መንደር ወንዶች ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ። ሰልደን ይሄ ነገር አበሸቃት። ከሴቶቹ መሀል ወጣ አለችና ድምጿን ለቀቀችው፤

«ኑ ልጆች ከዒላማው ተደግፈን እናውጋ፣
የዚህ ሰው ፍላጻ አይደርስም እኛ ጋ!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። መከራው ሪንዚንም መሳቁ ነው። እየሳቀ ገመዱን ለቀቀው፤ ፍላጻው ዒላማውንም፣ ሜዳውንም፣ አጥሩንም አልፎ የእነ ሰልደን ግቢ ገባ።

ጨዋታው ሲያበቃ በራቸው ላይ መጥቶ ቆመ።

«ፍላጻዬ እዚህ ገብቶ ነበር» አለ።

«ገብቷል። ጭዱ ላይ ተሰክቶ ላማችን ልትበላው ስትል ነው ያስጣልኳት።»

«እግዜር ይስጥሽ።»

«አታመስግነኝ። ላሟ ተቀይማለች። ደግሞስ አይደርስም ብዬ በሰው ፊት ዘፍኜ፣ እስከ ቤቴ ልከህ ውሸታም ታደርገኛለህ?»

«በሜዳው አልደረሰም» አለ ሪንዚን። «እዚህ ግን ደረሰ።»

ሰልደን ፍላጻውን ሰጠችው፣ ተቀበላት፣ አልሄደም። እሷም በሩን አልዘጋችውም። እናቷ ከውስጥ «ማነው?» ብለው ሲጣሩ ሁለቱም ደነገጡ፤ ያን ያህል ጊዜ ዝም ብለው መቆማቸውን ልብ ያሉት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሪንዚን በሬዎች ሣር ፍለጋ ሁልጊዜ ወደ ወንዙ ድልድይ ይወርዱ ጀመር፤ ከላይኛው መንደር ያለው ሣር የተሻለ መሆኑን በሬዎቹም ያውቁ ነበር። ሰልደን ውሃ የምትቀዳበት ሰዓት ረዘመ። ሩዝ ሲተከል ተቃለዱ፣ ሩዙ ሲያሽት ተሳሳሙ፣ ሊታጨድ ሲል ለመጋባት ተስማሙ።

በእኛ ሸለቆ ሲጋቡ ቤቱን ለቆ የሚሄደው ወንዱ ነው። ቤትና መሬት ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይወርዳል። ወንዱ ልብሱንና ቀስቱን ይዞ ወደ ሚስቱ ቤት ይገባል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም የሚወረውረው ለሚስቱ መንደር ነው። ሰልደን ለእናቷ አንድ ናት። ያንን ቤት ጥላ ወደ ላይ ልትወጣ አትችልም፤ ብትችልም አታደርገውም።

አፕ ከንቾ በበኩላቸው የቀራቸው ቀስተኛ ልጅ ሪንዚን ብቻ ነበር። ታላቁ አግብቶ ወደ ሃ ሸለቆ ሲሻገር ሽማግሌው አንድ ክረምት ሙሉ ከሜዳው ቀርተዋል። እሳቸው ራሳቸው ዓይናቸው ከደከመ ቆየት ብሏል። በዚያ መኸር፣ የመንደሩ ወንዶች በተሰበሰቡበት፣ ከቀርከሃ የሠሩትን የገዛ ቀስታቸውን ለሪንዚን ሰጡትና «ለሎሳር አለቃው አንተ ነህ» አሉት። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ሪንዚን ቀስቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጎንበስ አለ።

ለሰልደን በማግሥቱ «ስለኛ ነግሬያቸዋለሁ፤ እያሰቡበት ነው» አላት። ሰልደንም ለእናቷ ነገረች። አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የነገረቻቸው።

በርበሬ በየጣሪያው ተሰጥቶ መንደሩ ቀይ በቀይ ሲሆን የሪንዚን ቀኝ ትከሻ አልነሳ አለ። መጀመሪያ ሲነጋ ብቻ ነበር የሚይዘው። ቆይቶ ገመዱን እስከ ደረቱ እንጂ እስከ ጆሮው መሳብ አቃተው። በዚያ ጎኑ መተኛትም ቀረ። ወንዙን ሲሻገር ክንዱን እንደ ታመመ ሕፃን በሌላው እጁ ደግፎ ይሄዳል።

ላይኛው መንደር ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም። ቀስትን ሴት ከተሻገረችው ቀስቱም ጌታውም ይዝላሉ። «ማን ተሻገረችበት?» ተባለ። ከገዳሙ መነኮሳት ተጠርተው ጸሎት ተደረገ፣ ቀስቱ በተቀደሰ ውሃ ታጠበ፣ ለሳምንት ፀሐይ እንጂ ሰው እንዳያየው ተደርጎ ጣሪያ ላይ ተቀመጠ። ቀስቱ አማረበት። ትከሻው እንደ ነበረ ነው።

ወሬው ታች ሲደርስ ሰልደን ደነገጠች። የሰደበችውን ሁሉ አታስታውስም፤ አንድ ያደረገችውን ነገር ግን አልረሳችውም። ወደ ድልድዩ ሮጠች።

«ሪንዚን፣ እኔ ነኝ።»

«አይቻለሁ፣ አንቺ ነሽ።»

«አትቀልድ! ቀስትህን የተሻገርኩት እኔ ነኝ። ወፍጮው ጋ ሣሩ ላይ አስተኝተኸው ነበር። ጥጃችን ገመዷን በጥሳ ስትሮጥ እሷን ብዬ ስበር... አየሁት፤ ግን እግሬን ማቆም አልቻልኩም። ዘለልኩት።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ክንድህን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሪንዚን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ሳቀ፤ ሲስቅ ትከሻው ነካውና ፊቱን አጨማደደ።

«መቼ ነበር?»

«የደረቀውን በርበሬ ከጣሪያ ስናወርድ።»

«እንግዲያው ነጻ ነሽ። የኔ ሕመም ከዚያ ይቀድማል።»

ሰልደን እንባዋን ጠረገች። ነጻ መሆኗን ስታውቅ ወዲያው መቆጣት አማራት። «ታዲያ እስካሁን ምን ትሠራለህ? ቀስቱን ካጠቡት ሰውየውንስ ማን ይየው? ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

«ሆስፒታል ሄጄ ራጅ ተነስቻለሁ። ምንም የለም አሉኝ።»

«ምንም ከሌለ ክንድህን ምን አሳቅፎ ያስኬድሃል? ነገ እንሄዳለን አልኩህ!»

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ላሞ ዶማ የሚሉትን ከንፈር የሚያቀላ ፍሬና ቅጠል እያኘከች ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግታ አየችው። ክንዱን አዟዟረች፣ ጡንቻውን እየነካካች «እዚህስ? እዚህስ?» አለች። ከዚያ መዳፏን ትከሻው ላይ እንዳሳረፈች ወሬ ጀመረች።

«ላም አላችሁ?»

«አለችን።»

«ትታለባለች?»

«ደህና ትታለባለች።»

«ሩዙስ እንዴት ነው ዘንድሮ?»

«ጥሩ ነው።»

«አባትህስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

ሰልደን አጠገቡ ስለነበረች በግልጽ አየችው። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ትከሻው ወደ ላይ ከፍ አለ፣ የሲስተሯን መዳፍ ይዞ። ሪንዚን ራሱ አላወቀውም።

«አሁን ምን አደረግህ?» አለችው ላሞ።

«እኔ? ምንም።»

«ተመልከቺው» አለች ላሞ ወደ ሰልደን ዞራ። «አጥንቱ ደህና ነው። ጅማቱም አልተበጠሰም። ሰው ሲጨነቅ ትከሻውን ይሰበስባል፤ ዱላ የሚጠብቅ ሰው እንደሚያደርገው። ለአንድ ቀን ምንም አይደለም። ወር ሲሆን ግን ጡንቻው ማረፍ ይረሳና ይደነድናል፣ ያማል። ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል። ያልተኛ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጨነቃል፤ ጭንቀቱም ዞሮ እዚያው ትከሻው ላይ ይወጣል።»

«ስለዚህ የሐሰት ሕመም ነው?» አለ ሪንዚን፤ ድምፁ ተጎድቷል።

«ማን እንዲያ አለህ? እውነተኛ ሕመም ነው። የትም ይጀምር፣ የሚያመው አንተን ነው። ጠዋት ጠዋት በሞቀ ጨርቅ ትይዘዋለህ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ጣትህን እያራመድክ ክንድህን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ታወጣለህ። ሳይቻኮል ይለቅሃል።» መዳፏን አላነሳችም። «ምን እንደሚያስጨንቅህ ግን እኔ አላውቅም።»

ሰልደን ሳቅ ብላ «ሠርጋችን ይሆናላ!» አለች። «ለአባቱማ ተነግሯቸዋል፣ እያሰቡበት ነው። አይደል ሪንዚን?»

ትከሻው ጆሮው ስር ደረሰ።

ሲስተር ላሞ እጇን አንስታ ልትታጠብ ወጣች፤ ውሃው ውጭ ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ይሰማ ነበር።

«አልነገርካቸውም» አለች ሰልደን።

«አልነገርኳቸውም።»

ወደ ድልድዩ እስኪደርሱ ከፊት ከፊቱ ሄደች። እዚያ ሲደርሱ ቆመች። ተናዳ ነበር፤ ከንዴቷ በታች ያለው ግን ንዴት አልነበረም፣ እፍረት ነበር።

«እናቴ ፊት ቆሜ ‹አባቱ ያውቃሉ› ብያለሁ። በመንደሩ ውስጥ ቀና ብዬ የሄድኩት ያንተን ቃል ይዤ ነው። እኔ የሚደበቅ ነገር ነኝ?»

«አይደለሽም።»

«ታዲያ አባትህን ፈራህ?»

«እሳቸውን አይደለም የፈራሁት። ማሳዘኔን ነው።» ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ሲጀምር ይከብደዋል፤ ቆም እያለ ነበር የሚያወራው። «ወንድሜ ሲሄድ ፊታቸውን አይቻለሁ። ቀስቱን በሰው ሁሉ ፊት ሲሰጡኝ... ያን ጊዜ ልናገር ነበር። አጨበጨቡ። በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። በየቀኑ እሳቸው ‹ትከሻህ እንዴት አደረ?› ይሉኛል።»

ሰልደን ልቧ ራራ፤ ልታቅፈው ፈለገች። አላቀፈችውም። እሷም የኮራ ቤት ልጅ ናት።

«ስማኝ። እኔ ሄጄ አልነግርልህም። አልለምናቸውምም። እስከ ሎሳር ጊዜ አለህ። ሜዳው ላይ ስትቆም እንዳልነገርካቸው ካወቅሁ፣ ከእኔ አንዲት ስድብ አትጠብቅ።»

የሌላ አገር ሰው ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። ሪንዚን ግን ፊቱ ተለወጠ። የእኛ ቀስተኞች ስድብን ይችሉታል፤ ያልተሰደበ ቀስተኛ ማለት ግን ከሰው ያልተቆጠረ ነው።

ሎሳር ደረሰ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ አረቄውና ቅቤ የገባበት ሻይ በየድንኳኑ ይዞራል። የላይኛው መንደር ቀስተኞች አንድ በአንድ ወረወሩ፤ ሰልደንም ሁሉንም አንድ በአንድ ሸነቆጠች። በዚያ ቀን የመንደሯ ሴቶች እንዲህ ሆና አይተናት አናውቅም አሉ።

የአለቃው ተራ ደረሰ። ሪንዚን ወደ መስመሩ ወጣ፤ አፕ ከንቾ ከኋላው ቆሙ። ሴቶቹ ወደ ሰልደን ዞሩ፣ እንድትጀምር። ሰልደን ሪንዚንን አየችው። እሱም አያትና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

እጇን ከጓደኞቿ እጅ አስለቀቀች፤ ዝም አለች።

ጭፈራው ቆመ። የወንዙ ድምፅ ከማዶ ተሰማ። ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ላይኛው መንደር አጉረመረመ።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አሉ አፕ ከንቾ ጮክ ብለው። «ሁሉንም ስትሰድብ ውላ ልጄ ላይ ስትደርስ አፏን ትዘጋለች? ልጄን ናቀችው?»

ሪንዚን ግማሽ ድረስ ያነሳውን ቀስት አወረደው።

«አባባ፣ አልናቀችኝም። ተቀይማኝ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው።» ወደ አባቱ ዞረ። «ሰልደንን ላገባት ነው። ወደ ታች እወርዳለሁ። ቀስቱን ሲሰጡኝ አውቄው ነበር፤ ልነግርዎ አቃተኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

የአፕ ከንቾ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ እንደ አመድ ሆነ።

«ቤታችን ውስጥ መናገር አቅቶህ ነው፣ ባላጋራ ፊት?»

«ቤት ውስጥ አቅቶኝ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ወደ ዒላማው ጠቆሙ። «ተራህ ነው» አሉ። «ወርውር።»

ሰልደን እንደዚያ ቀን በሰው ኮርታ አታውቅም፤ በአገር ፊት ቆሞ ይቅርታ የጠየቀው ሰው የእሷ ሰው ነው። እንባዋ እየወረደ ድምጿን አነሳች፤

«ምላሱን አሥሮ ክንዱን የሚጎትት፣
ዛሬ ገና ፈታው፣ እልል በሉለት!»

ሪንዚን ገመዱን ሳበ። ክንዱ ለወራት ወዳልደረሰበት ከፍታ ወጣ፤ ከዚያ ሕመሙ ያዘው። ፍላጻው ዒላማው ሳይደርስ ሣሩ ላይ ወደቀ። ታችኛው መንደር በደስታ ጮኸ። አፕ ከንቾ ማንንም ሳያዩ ሜዳውን ለቀው ወጡ።

ለሠርጉም አልመጡም። ሪንዚን ቀስቱን ሊመልስላቸው ቢሄድ በሩን አልከፈቱለትም፤ ስለዚህ ቀስቱም አብሮት ወረደ። በመንገድ ሲገናኙ ልጁ ጎንበስ ይላል፣ አባትየው ተራራውን እያዩ ያልፋሉ። ፀደይ አለፈ፣ ክረምት አለፈ፤ አንድ ቃል አልተነፈሱለትም።

ሪንዚን ግን በየጠዋቱ የሰልደንን ቤት ግድግዳ በጣቱ ይወጣ ነበር። ሰልደን ጨርቁን አሙቃ ትይዝለታለች። «አሁንስ ከጥጃዋ ጀርባ በለጥክ» ትለዋለች፤ ቆይቶም «ከመስኮቱ ደረስክ፣ አይዞህ።» ሩዝ ሲተከል በቀኝ ጎኑ መተኛት ጀመረ። የአባቱ ነገር በተነሳ ቁጥር ትከሻው አሁንም ከፍ ማለቱ አልቀረም። እሷ ስታይ ምንም ሳትል መዳፏን ታሳርፍበታለች፤ እሱም አውጥቶ ያወራላታል። ሲያወራ ይወርዳል። እህሉ ሲገባ ገመዱን እስከ ጆሮው ሳበ።

ሎሳር እንደገና መጣ። ሪንዚን በታችኛው መንደር መስመር ላይ ቆመ፤ ላይኛው መንደር ደግሞ ከወዲያ ጫፍ፣ ከዒላማው ዙሪያ። አፕ ከንቾ ከፊት ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ እንደሆነ እንጃ፣ ከሁሉም ይልቅ ወደ ዒላማው የተጠጉት እሳቸው ናቸው። ሰልደን ከእነሱ ጥቂት ራቅ ብላ ከመንደሯ ሴቶች ጋር ቆማ ነበር። ባሏ የሚገጥመው የአባቱን መንደር ነው፤ ቢስት ለሳቸው ብሎ ነው ይባላል፣ ቢመታ ደግሞ እስከ መጨረሻው ያጣቸው ይሆናል።

ሪንዚን ቀስቱን አነሳ። ያን ጊዜ የአፕ ከንቾ ድምፅ ሜዳውን ሰንጥቆ ወጣ፤

«አንተ የላም ጠባቂ! የሚስትህ ቤት ቅቤ ክንድህን አቀለጠው እንዴ? ዒላማው እዚህ ነው፣ እዚህ! እናትህ ሙክክ አድርጋ ያበላችህ ሩዝ የት ገባ?»

ዓመት ሙሉ ካልተነፈሱ በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር። የላይኛው መንደር ሰዎች ሳቁ። ሰልደን አልሳቀችም፤ እንባዋ መጣ። ሰደቡት! በአገር ፊት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደ ሰው ቆጥረው ሰደቡት። ከዚያ ርቀት የባሏን ትከሻ ማየት አትችልም፤ መውረዱን ግን አወቀች።

ፍላጻው መጣ። ሲያልፍ ፉጨቱ ተሰማ። የዒላማውን ልብ መታውና እየተንቀጠቀጠ ቆመ።

ታችኛው መንደር ፈነዳ። ላይኛው መንደር እጁን አጣጥፎ ቆመ፤ ተሸናፊ እንደሚያደርገው። ከመካከላቸው ግን አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው፣ አንድ እግራቸውን አንስተው፣ የድሉን ጭፈራ ይጨፍሩ ነበር።

«አፕ ከንቾ!» አለ አንዱ ደንግጦ። «ለባላጋራ ነው እኮ!»

«እኔ አይደለሁም» አሉ ሽማግሌው ተቆጥተው። «እግሬ ነው።»

ይህን ሲሉም እግራቸው ገና አላቆመም ነበር።